ዳር ላሉት ደረሳቸው?

ጋሼ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው፤ እኔ ግን አሁንም በአዲ አርቃይ ወረዳ እቀናለሁ።

ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። በዞኑ ፋይናንስ ቢሮ የመንግሥትን በጀት ለወረዳዎች ሲደለድሉ ኖረዋል። ቤትም ገበታ ሲቀርብ፣ «ዳር ላሉት ደረሳቸው?» ሳይሉ እጃቸውን አይሰዱም ነበር።

በዞኑ ከተማ፣ አራዳ ሰፈር ያለው ደጃችን ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃ ይውጠዋል። አንድ ዓመት በጀት መጣ ሲባል፣ መንገዳችን ሊሠራ ነው ብዬ ጓጓሁ። ገንዘቡ ለአዲ አርቃይ ጤና ጣቢያ ሆነ።

«ምነው ጋሼ፣ እኛስ?» አልኳቸው።

«አንቺ ጫማሽን ታጥቢያለሽ። እዚያ ወላድ በቃሬዛ ነው የምትወርደው።»

ሌላ ልጅ የወለዱብኝ ያህል አኮረፍኩ።

የቀብራቸው ዕለት ከአዲ አርቃይ ሴቶች በመኪና ተጭነው መጡ። አንዷ «አያ፣ እንግዲህ ማን ይጠይቀን!» እያለች ደረቷን ስትደቃ፣ እንባዋ ከእኔ እንባ መብለጡ አንገበገበኝ። አጎቱ የእኔ፣ ለቅሶው የእሷ!

ዛሬ ተዝካሩ ላይ እኔ ከፊት ተቀምጬ ሳህኔ ቶሎ ሞላ። እነዚያ ሴቶች ከድንኳኑ ጫፍ ነበሩ። ልጎርስ ስል እጄ ቆመ፤ የሚጠይቅ ሰው የለም። ዛሬስ እኔ እጠይቃለሁ፣ ይህቺ ጥያቄ እንኳን የእኔ ናት ብዬ ሳህኔን ይዤ ወደ እነሱ ሄድኩ።

ያቺ በቀብሩ ደረቷን የደቃችው ሴት ምግቧን ሳትነካ፣ ደጅ የተቀመጡትን ነዳያን እያየች አስተናጋጁን ያዘችው።

«ዳር ላሉት ደረሳቸው?» አለችው።

ያቺንም ጥያቄ ቀድማ ወስዳብኛለች።