የአንድ ቁልፍ ቴኒስ

ሥራ የጀመርኩት ጋምቤላ ከተማ፣ ወደ ባሮ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ጌም ቤት ነው። ባለቤቱ ሀጂ ሙዘሚል የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ስለ ጌም የሚያውቁት ስክሪኑ ሲበራ ደንበኛ እንደሚገባ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «ስንታየሁ፣ ምን ትችላለህ?» አሉኝ። «ጆይስቲክ እጠግናለሁ፣ ጨዋታም አስተምራለሁ» አልኳቸው። ሁለተኛው ውሸት ነበር፤ የመጀመሪያውም ግማሹ።

ሥራችን ማዕረግ ነበረው። በር ላይ ተረኛ የሚጠራው አስተናጋጅ ይባላል፤ እኔ ቴክኒሻን ነበርኩ። የቤቱ ሕግ ደግሞ የተሸነፈ ይነሳል የሚል ነው። ያሸነፈው እንደተቀመጠ ቀጣዩን ይጠብቃል። ቴክኒሻን ከዚህ ሕግ ነፃ ነው፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኛ!

አራቱ ማሽኖች እግር ኳስ ያጫውቱ ነበር። አምስተኛው አርጅቶ አዲሱን እግር ኳስ አልቀበልም ስላለ ቴኒስ ጫንኩበት። በአንድ አውራ ጣት አቅጣጫ ታሳያለህ፣ በሌላው አንድ ቁልፍ ብቻ ትጫናለህ። ስትጫን ተጫዋቹ ራኬቱን ወደ ኋላ ይስባል፣ ስትለቅ ይመታል። በቃ። ናቅኩት። «ቀላል ነው፣ ዝም ብለህ ተጫን!» እያልኩ ደንበኛውን ሁሉ አስተማርኩ።

የተማሩት ሁሉ ኳሱን ወይ መረቡ ላይ ወይ ከሜዳ ውጪ ላኩት። በእግር ኳስ ማንም የማይችለው ባለባጃጁ ኦባንግ ቁልፉን እንደ ጡሩምባ ይደልቀዋል። የጂኦግራፊ መምህሩ ጌታሁን «የኳሱ ማዕዘን ስህተት ነው» እያለ ጨዋታውን ያርማል። ሲሸነፉ ግን ሁለቱም «ጆይስቲኩ አይሠራም» ይላሉ።

እኔም አምናቸው ነበር። ካመንኳቸው ቴክኒሻን ነኝ፣ ካላመንኳቸው መጥፎ አስተማሪ። ካቻቢቴ አንስቼ እፈታለሁ፣ ላስቲኩን በአልኮል እጠርጋለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ከዚያ «ሞቷል» ብዬ ካርቶን ውስጥ እጥለዋለሁ። ደንበኛውም ክብሩ ተጠብቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሀጂ ካርቶኑ መሙላቱን አዩ። «እነዚያ አራቱ ማሽኖች ላይ ጆይስቲክ ዓመት ይቆያል፣ እዚህ ሳምንት አይሞላም። እስከ ቅዳሜ በዚህ ማሽን ደህና የሚጫወት ሰው ካላሳየኸኝ እሱም ይሸጣል፣ አንተም አገርህ ትገባለህ» አሉኝ። አገሬ መቱ ነው። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ኢንጂነር ሆኗል ብላ አውርታለች። ፈራሁ።

ቅዳሜ ሲስተር አሪየት መጣች። ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ነርስ ናት፤ ሳምንቱን እዚያ ሠርታ ቅዳሜ ወደ ከተማ ትመለሳለች። ጥግ ይዛ ቆመች።

«ሲስተር፣ ሰው እየጠበቅሽ ነው?»

«የለም። እያየሁ ነው።»

ብዙ ካየች በኋላ ተቀመጠች። መጀመሪያ ኦባንግን፣ ቀጥሎ መምህሩን አስነሳች። ቁልፉን ቀደም ብላ ትጫናለች፣ ኳሱ እስኪደርስ ትይዛለች፣ ከዚያ ትለቃለች።

ኦባንግ «ሲስተር፣ ምን አድርገሽ ነው?» አላት።

«እናንተ ኳሱ ሳይመጣ ትጨርሳላችሁ» አለች። «እኔ ደም ሥሩን ሳላገኝ መርፌ አልገፋም።»

ሀጂ ከበሩ ላይ «ቴክኒሻኑስ?» አሉ። ተቀመጥኩ። አንድ ነጥብ እንኳ አላገኘሁም። «ጆይስቲኬ ሞቷል» አልኩ፤ ደግሞ ከልቤ ነበር። ሲስተር የራሷን ሰጠችኝና የእኔን ወሰደች። በሞተው ጆይስቲክ ደግማ አሸነፈችኝ።

ከዚያ ካርቶኑን ሳበች። አንድ አንድ እያወጣች ሰካች፣ ኳስ መታችበት፣ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። ያልሠሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ከመጥረግ አልፌ የጠገንኳቸው ናቸው።

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ከሁሉም በላይ የሳቁት ኦባንግና መምህሩ ናቸው፣ የሽንፈት ዘመዶቼ! ሀጂ ግን አልሳቁም። «የተበላሸው የቱ ነው ታዲያ?» ብለው ጠየቁኝ። መኪና ተራ ድረስ ሻንጣ ይዤ ስሄድ ታየኝ። ሌላ ውሸት ፈለግኩ፣ አጣሁ።

«ጆይስቲኮቹ ደህና ናቸው ሀጂ። ጨዋታውን አላውቀውም፤ ሳላውቅ ነው ያስተማርኩት።»

«ይህን ለማለት አንድ ካርቶን ፈጀብህ» አሉ። «በል ተነሳ። ቆመህ ተማር።»

አፍሬ ቆምኩ፤ ሦስት ቅዳሜ ከሲስተር ወንበር ጀርባ። ቁልፉን ረጅም ጊዜ ከያዝከው ምቱ እንደሚጠነክር፣ ግን ተጫዋቹ መሮጥ እንደማይችል ያኔ ገባኝ። አንዱን ስታገኝ ሌላውን ታጣለህ። ማሽኑ አልተሸጠም፣ እኔም መቱ አልተመለስኩም። መምህሩ እስካሁን ማዕዘኑን እያረመ ነው።

ለአዲስ ቴክኒሻኖች የምለው ይኼ ነው። ደንበኛ «ተበላሸ» ብሎ ዕቃ ሲሰጣችሁ ከመፍታታችሁ በፊት ከእናንተ ለሚሻል ተጫዋች ስጡት። እሱ ካሸነፈበት አትፍቱት።