የኦቦ ዲሪባ ሰደፍ

ይህን ለባሌ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ቡራዩ ባለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት የቤት ዕቃ ንድፍ በማወጣበት ጊዜ፣ ኦቦ ዲሪባ የሚባሉ የሱሉልታ ሽማግሌ ገበሬ መጥተው ለአሮጌ ጠመንጃቸው ቀላልና ርካሽ ሰደፍ እንድሠራላቸው ለመኑኝ። የተማርኩት ስለ ወንበርና ቁምሳጥን ነው፤ እምቢ ለማለት ግን አፈርኩ። ስስ የባሕር ዛፍ ጣውላዎችን በኮላ ደራርቤ ባጣብቅ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

መከራዬ ልኬቱ ላይ ነበር። ሽማግሌ ሰው መንካት አሳፍሮኝ ዓይኔን መሬት ተክዬ ትከሻቸውን፣ ቀጥሎ ክንዳቸውን በሜትር ለካሁ። እሳቸው እንደ ሙሽራ ቀጥ ብለው ቆመውልኛል። ስጨርስ፣

"ልጄ፣ እኔን ለምን ለካሽኝ?" አሉ።

"የሚይዙት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"እኔማ ያን ጊዜ ሬሳ ነኝ። ለቅሶዬ ላይ ጠመንጃዬን ከፍ አድርጋ የምታለቅሰው ሚስቴ ናት። ክንዷ ደካማ ነው፤ ከብዷት ብትጥለው በሰው ፊት ታፍራለች። ታዲያ እንዳትነግሪያት፤ ሞት ካነሳሁ ትቆጣኛለች።"

በማግስቱ ጠዋት ሱሉልታ ሄጄ ለሚስታቸው፣ "ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ባለቤትዎ ቀሚስ አዘውልዎታል" አልኳቸው። ክንዳቸውን ለክቼ ልወጣ ስል እጄን ያዝ አደረጉና፣ "ቀሚሱን ሰማያዊ አድርጊልኝ" አሉኝ።