የተሰወረ ሰው ይመታል?

ልጅ እያለሁ በሰፈራችን እሳት ያልመረጠ ወንድ ልጅ አልነበረም። ስለ ጨዋታችን ነው የማወራው። ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ፣ ከአባቴ ሱቅ ጀርባ የጓደኛዬ የጫልቱ እናት የአዴ ዲንቂ ግቢ ነበር። ወድቆ የበሰበሰው ማንጎ ይሸታል፤ ዝንቡም አያስቀምጥም። እኛ ግን እዚያው ማንጎው ሥር ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። የጫልቱ ታላቅ ወንድም ቶለሳ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ታሪክ እየፈጠረ ይመራናል። «ደዴሳ ደርሳችኋል፤ ወንዙ ሞልቷል፤ ማዶ ሽፍታ አለ። ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ኃይል አለን። አንድ ጎናቸውን በከሰል ያጠቆርናቸውን የበቆሎ ፍሬዎች እንወረውርና ጥቁሩ ከበዛ ኃይላችን ሠራ ማለት ነው። አዴ ዲንቂ ወንጌል አማኝ ስለነበሩ «አስማት» የሚባል ቃል በደጃቸው አያልፍም፤ እኛም «ጥበብ» እያልን እንጠራው ነበር።

ችግሩ ወንዶቹ ናቸው። እሳት፣ መብረቅና ጦር መርጠው ይመጡና ወንዙ ዳር ሲደርሱ የሚያሻግራቸው ያጣሉ። በር መክፈት፣ ውኃ ማጉደልና መሰወር «የሴት ጥበብ» ተብሎ ይሳቅበታል፤ ያለ እሱ ግን አንድ እርምጃ አይራመዱም። ለማመጣጠን ብለን ከሁለቱ አንዱ የግድ የማይዋጋ ይሁን አልን። ይኼኔ ጫልቱ ተሰውራ ሽፍቶቹን አንድ በአንድ ፈጀቻቸውና የጨዋታው ወግ ጠፋ። እኔ «የተሰወረ ይሽሽ እንጂ አይምታ» አልኩ። ቶለሳ ደግሞ «አንዴ ይምታ፤ ከዚያ ይታይ» አለ። ሁለት ቀን ተኮራረፍን። የደንቡ ደብተር በእኔ እጅ ስለነበር የራሴን ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

በዚያው ሳምንት ገበያው መንገድ ላይ ወረቀት ተበተነ። መንግሥትን የሚያወግዝ ነው ተባለ፤ እኛ አላየነውም። ቅዳሜ ጠዋት የአብዮት ጥበቃዎች ከአንድ ካድሬ ጋር ቤት ለቤት ፍተሻ ሲገቡ ማንጎው ሥር ደረሱብን። ካድሬው ደብተሩን ከጭኔ ላይ አንስቶ ማንበብ ጀመረ። «ገመቹ፣ እሳት ወርዋሪ። ጫልቱ፣ ተሰዋሪ። መሪ፣ ቶለሳ።» ጮክ ብሎ ሲያነበው ለእኔም ጨዋታ አልመስል አለኝ። አዴ ዲንቂ ከማድ ቤት ሮጠው ወጥተው «ኢልመ ኮ፣ ልጄን!» እያሉ የቶለሳን ክንድ ያዙ። ያን ጊዜ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ አንዴ ከተወሰደ ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

«ጨዋታ ነው» አልኩ።

«ጨዋታ ከሆነ ሕጉን ሁለታችሁም እኩል ታውቁታላችኋ» አለ ካድሬው። ቶለሳን ደጅ አስቁሞ እኔን ብቻዬን ወደ ቤት አስገባኝ። ስለ በቆሎው ጠየቀኝ፤ መለስኩ። ስለ እሳቱ ጠየቀኝ፤ መለስኩ። ከዚያ ደብተሩን ገለጥ አደረገና «የተሰወረ ሰው ይመታል?» አለኝ።

ቶለሳ የራሱን እንደሚናገር አልተጠራጠርኩም። እኔም በራሴ ከጸናሁ መልሳችን ሊለያይ ነው፤ ከተለያየ ደግሞ ይወስዱታል። ደብተሩ በሰውየው እጅ መሆኑ ከአእምሮዬ ጠፋ። «አንዴ ይመታል፤ ከዚያ ይታያል» አልኩ።

ይዞኝ ወጣና ያንኑ ጥያቄ ቶለሳን ጠየቀው። ቶለሳ ቀና ብሎ አየኝ። አስተያየቱ «አይዞሽ» የሚል ነበር።

«አይመታም፤ ይሸሻል እንጂ» አለ።

ካድሬው ደብተሩን አየ፤ እኔን አየ። «እሱ የተጻፈውን ተናገረ። ለአንቺ ደግሞ ሌላ ያስጠናሽ ማን ነው?» አለኝ። ቶለሳን ወሰዱት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አዴ ዲንቂ ስንቅ ሲያመላልሱ በሱቃችን በር ሲያልፉ እኔ ከስኳር ጆንያው ጀርባ እደበቅ ነበር። ቶለሳ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ከስቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ማንጎው ሥር አልተቀመጠም፤ እኛም ና አላልነውም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በእኔና በእሱ ነገሩ ተገለበጠ። አምና የጫልቱ ልጅ ስትዳር ሲሬ ላይ ተገናኘን፤ ጡረታ የወጣ መምህር ሆኗል። ስንት ዓመት ያፈንኩትን አወጣሁና «ለምን የእኔን ተናገርክ?» አልኩት። ሳቀ። «አንቺ የያዝሽውን የማትለቂ ልጅ፣ ያን ቀን ትለቂያለሽ ብዬ በምን ልጠርጥር?» አለኝ።

አሁን የልጅ ልጆቼ ሳሎን ውስጥ በስልካቸው ተመሳሳይ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ወንዶቹ ዛሬም እሳት ነው የሚመርጡት። በደንቡ ሲጣሉ ቤቱ ይናጋል፤ አንዱ ለሌላው ንቅንቅ አይልም። እናታቸው «ኧረ ተሸናነፉ!» ትላቸዋለች። እኔ ተያቸው እላለሁ፤ ይጩኹ፤ የሚያዳምጣቸው ካድሬ የለም። እኔና ቶለሳ አንድ ቀን ብቻ ተሸናነፍን፤ እሱንም ያን ቀን ወሰዱት።