የፊታውራሪው ቅልጥምና የደብረ ብርሃን ባቄላዎች

የገና ዋዜማ ንጋት፣ ደብረ ብርሃን

ከቤቴ ስወጣ የጓሮዬ ሣር በአመዳይ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። በቅሎዬ ልጓም አልጎርስም ብላ አስቸገረችኝ፤ አልፈረድኩባትም፣ ብረቱ ጣት ያቃጥላል። ሥላሴ ደጃፍ ስደርስ የእኛ ሰዎች ጋቢያቸውንና ዝተታቸውን ተከናንበው፣ የገና ዱላቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። የሚያወራ የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንዱ ሌላውን ሲተርብ ሰፈሩን ይቀሰቅሱት ነበር።

ይህን የምጽፈው በብርድና በእርጅና ሰበብ ቤት ለቀራችሁት ነው። እኔ ኮርቻ ሰሪው ተሰማ ነኝ፤ ከኮርቻው ሌላ የደብረ ብርሃን ተጫዋቾች ግጥም አውጪም እኔው ነኝ። ከወይራ ሥር የተጠረበች አንዲት ድቡልቡል ሩር በቆልማማ ዱላ እየመቱ ከባላጋራ ድንበር ለማሳለፍ ይህን ሁሉ መንገድ መሄድ እብደት ነው የሚል ካለ፣ አምና አብሮን አልነበረም ማለት ነው። አምና አንኮበሮች አሸነፉን። መሸነፉስ ባልከፋ፤ ማምሻውን ግን እንዲህ ብለው ዘፈኑብን፦

የደብረ ብርሃን ሰው የውርጭ ባቄላ፣
በትር ሲያይ ደንግጦ ሸሸ ወደ ኋላ።

ያቺ ግጥም ከእኛ ቀድማ አገራችን ገባች። ዓመቱን ሙሉ እነዋሪም ሆነ መዘዞ ገበያ ስንወጣ «ባቄላዎቹ መጡ» እየተባልን ከረምን። ስለዚህ ዘንድሮ በስንቃችን ውስጥ አንዲት ፍሬ ባቄላ እንዳትገባ ተማምለናል። የጾሙን ማብቂያ በገብስ ቆሎና በበሶ እንገፋዋለን።

ተስፋችን ደምሴ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ገበሬ፤ ሩር እግሩ ሥር ከገባች ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሚስቱ አስካለ እስከ በሬሳ ወንዝ ሸኘችን። ከመለያየታችን በፊት የበቅሎዬን ልጓም ያዘችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ አናገረችኝ።

«ጋሽ ተሰማ፣ ዘንድሮ ፊታውራሪ ይርዳው ራሳቸው ይጫወታሉ አሉ። እውነት ነው?»

«እንደዚያ ይባላል።»

«ከጥምቀት በኋላ የርስታችን ክርክር የሚታየው እሳቸው ችሎት ነው። የደምሴ የአጎት ልጆች ካሸነፉን ሌላ የምናርሰው መሬት የለንም፣ ያውቃሉ። ሩሯን እንዳሻው ይምታ። የእሳቸውን እግር ግን እንዳይነካ አደራ ይበሉልኝ። አንቱም ምላስዎን ይያዙልኝ።»

«እሺ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? በልቤ ግን በፊታውራሪው ላይ የማወርደው ግጥም ተሰድሮ አልቆ ነበር።

ረፋድ፣ ሜዳው ላይ

መንገዱ ሜዳ ነው፤ ነፋሱን የሚመልስ ዛፍ እንኳ የለውም። የታጨደ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በጎች፣ እንደገና የገብስ ማሳ። ፀሐይ ወጥታለች፤ ከማብራቷ በቀር ግን የረባ ሙቀት አልሰጠችንም። ከኋላችን አህዮቹን እየነዳ ሰይድ ደረሰብን። የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ ጥጥና ጨው ሸጦ ወደ ቆላው ይመለሳል። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን እናገኘዋለን።

«ወላሂ፣ የእናንተን ገና ሳላይ ዓመቱ አያልፍልኝም» አለ። «አንድ ነገር ግን እስካሁን አልገባኝም። በዚያ ቀን ሎሌው ጌታውን ቢመታ አይጠየቅም ትላላችሁ።»

«አይጠየቅም። ሜዳው ላይ የተሰነዘረ ዱላም ስድብም እዚያው ይቀራል። ጌታም ቢሆን ከተቆጣ መሳቂያ የሚሆነው እሱ ነው።»

«እሱስ የዕለቱ ነገር ነው። በማግስቱስ?»

ደምሴ ከፊታችን ይሄዳል፤ እርምጃውን አዘግይቷል። ጆሮው እኛ ዘንድ እንደነበር ገባኝ፤ ሰይድን በክርኔ ጎሸም አድርጌ ወሬውን ወደ ጥጥ ዋጋ መለስኩት።

ቀትር፣ አባ ወልዴ ቤት

ሁልጊዜ እንደምናደርገው በመንገዳችን ላይ ካለችው መንደር፣ የዱሮው ገና ተጫዋች አባ ወልዴ ዘንድ አረፍን። ቂጣ በተልባ፣ ቀጠን ያለ ጠላ፣ ለበቅሎዋ ገለባ። ደምሴ መምጣቱ ሲሰማ የመንደሩ ሰው ግቢውን ሞላው። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «አሳየን! አሳየን!» ይሉታል። የሚሉት ቅልጥሙን ነው። አፍሮ ሱሪውን ሰበሰበ። ቅልጥሙ ከላይ እስከ ታች ጠባሳ ነው። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱለትና ዱላውን ባረኩለት።

የሌላው አገር ሰው ጀግናውን በምን እንደሚመርጥ አላውቅም። እኛ ዘንድ ሩር ላሳለፈ ይጨበጨባል፣ እልልም ይባላል፤ ስሙ የሚቀረው ግን ተመትቶ ሳያነክስ ከሜዳ የወጣው ነው። አባ ወልዴ በጉብዝናቸው ዘመን እንደዚያ ነበሩ።

«አጥንቴ ሲሰነጠቅ ሰማሁት» አሉን። «እስከ ሜዳው ዳር ዛፍ ድረስ ግን ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ከዛፉ ወዲያ የሆንኩትን እግዜር ብቻ ነው ያየው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁ መሃል አንዱ ጎረምሳ «ደምሴ፣ ዘንድሮ ፊታውራሪውን ቅልጥማቸውን በልልን!» ብሎ ጮኸ፤ ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ደምሴ ቂጣውን ወደ አፉ ሊያደርስ ነበር፤ መልሶ አስቀመጠው። የአስካለን አደራ ያን ጊዜ ልነግረው ይገባኝ ነበር። አልነገርኩትም፤ ሳየው እሷ ለእሱም አስቀድማ እንደነገረችው ተረዳሁ።

ማምሻ፣ አንኮበር

ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ጉሙ ከቆላ ወጥቶ ተቀበለን። የፊቴን ሰው ጀርባ አያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። ከላይ፣ ከቤቶቹ መሃል፣ ማን እንደሆነ የማናየው ሰው «ባቄላ ስንት ነው?» ይላል፤ ሌላው «ዘንድሮም ውርጭ መትቶታል!» ብሎ ይመልሳል። ጥርሳችንን ነክሰን ወጣን።

አቀበቱ መሃል ላይ የበቅሎ ኮቴ ሰማን፤ ዳር ይዘን ቆምን። ፊታውራሪ ይርዳው ነበሩ። ትከሻ ሰፊ፣ ጢማቸው ሽበት የጀመረ፤ ኮርቻቸው ያማረ ነው፣ የእኔ ሥራ ባይሆንም። እጅ ነሳን። ደምሴ አጠገብ ሲደርሱ በቅሎዋን ገታ አደረጉ።

«የደብረ ብርሃኑ ደምሴ አንተ ነህ?»

«አዎን ጌታዬ።»

ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። «ደህና እደር» አሉና አለፉ።

ደምሴ እዚያው ቆሞ ቀረ። «ስሜን ያውቁታል» አለኝ። «ከጨዋታው ነው ወይስ ከክርክሩ?»

«ከጨዋታው ነው እንጂ» አልኩት፤ እኔም አላመንኩትም።

የገና ዕለት፣ ከቀትር በኋላ

ቅዳሴው አልቆ፣ ጾሙ ተፈቶ፣ ሕዝቡ ሜዳውን ከበበ። በወዲህ የእኛዎቹ፣ በወዲያ አንኮበሮች፤ ሰይድ ከአልዩ አምባ ሰዎች ጋር ድንጋይ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ፊታውራሪው ካባቸውን ለአሽከር ሰጥተው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው እንደማንኛውም ሰው ገቡ። ጥሩ ይጫወታሉ፤ ይህን ስናገር ደስ እያለኝ አይደለም።

ሩሯ ከወዲያ ወዲህ ስትመላለስ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ቀድሞ ያሳለፈ ያሸንፋል፤ እስካሁን ግን ያሳለፋት የለም። ሁለት ሰዎቻችን ተደግፈው ወጡ፣ ከአንኮበሮችም አንዱ ጥርሱን ይዞ ወጣ። ስድቡ ከግራ ከቀኝ ይዘንባል። እኔም የአቅሜን ወረወርኩ፤ የፊታውራሪውን ግጥም ግን ይዤዋለሁ።

ከዚያ ፊታውራሪው ሩሯን ነጥቀው ወደ ድንበራችን ገሰገሱ። በመሃል ያለው ሰው ደምሴ ብቻ ነው። ዱላውን አነሳ። ቅልጥማቸው ፊት ለፊቱ ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ ቢሰነዝር አይስተውም። ዱላው ከላይ ቆየ። ከዚያ ወደ ጎን ዝቅ አለ፤ ሰውየውም አለፉ፣ ሩሯም አለፈች።

አንኮበሮች መጮህ ጀመሩ፤ ወዲያው ግን ድምፃቸው ተቆረጠ። ሁሉም አይቶታል። ከእኛ በኩል አንዲት ሴት «ባቄላ!» ብላ ተሳደበች፤ የገዛ ሰዋችን በገዛ ሰዋችን ላይ። እኔም ልጮህበት አፌን ከፈትኩና የአስካለ ፊት መጣብኝ።

ፊታውራሪው ግን አልሳቁም። ዱላቸውን መሬት ላይ ጥለው ወደ ደምሴ ተመለሱ። የገና ዕለት የተቆጣ ጌታ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁ።

«ለምን አልመታኸኝም?»

«ጌታዬ፣ እግርዎ…»

«ዛሬ ጌታህ አይደለሁም! እሱን የማያውቅ አለ? ከጥምቀት በኋላ ፊቴ እንደምትቆም አውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ፤ ይህ ሁሉ ሰው ያውቃል። ዛሬ ቅልጥሜን የማርከው፣ ያን ጊዜ ደግሞ እኔ በፍርድ እንዳደላልህ ነው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ጉቦ ሰጠኸኝ!»

ደምሴ መሬት መሬት ያያል።

«ያለፈችው አትቆጠርም» አሉ ፊታውራሪው ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ሩሯን መልሱ። በመጣሁበት እመጣለሁ።»

አንኮበሮች አጉረመረሙ። ሩሯ ተመለሰች። ፊታውራሪው ዱላቸውን አንስተው ያንኑ መንገድ መጡ፣ እንዲያውም ባሰባቸው። ደምሴ ዱላውን አነሳ። ቢመታቸውም መሬቱ ሊሄድ ነው፣ ባይመታቸውም ሊሄድ ነው ብዬ አሰብኩ።

መታቸው። ድምፁ ሰይድ የተቀመጠበት ድንጋይ ድረስ ተሰምቷል። ፊታውራሪው በአፍጢማቸው ተደፉ። ደምሴ ቆሞ አላየም፤ ሩሯን ይዞ በረረ፣ አንኮበሮች ከድንጋጤያቸው ሳይነቁ ከድንበራቸው አሳለፋት።

አንድም እልልታ የለም። የፊታውራሪው አሽከሮች ወደ ሜዳው ገብተዋል፤ የሁለቱ እጅ ሰይፋቸው ላይ ነው። የእኛ ሰዎች ደምሴን ከበው ዱላቸውን አጠበቁ። በዚህ መሃል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያሸነፈ ወገን ይዘፍናል፤ ዘፈኑን የማነሳው እኔ ነኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። አስካለ ምላስዎን ይያዙልኝ ብላኛለች። ግን ዝም ብል፣ ደምሴ የሰጠውን ጉቦ እኔ ደግሜ መስጠቴ አይደለም? ግጥሙን አወጣሁት፦

ከበቅሎ ላይ ሆኖ ተራራ ሲመስል፣
አየነው ሜዳ ላይ እንደኛ ሲቆስል።

መጀመሪያ ማንም አልተቀበለኝም። ከዚያ ከእኛ አንዱ ተቀበለ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሁላችንም። ፊታውራሪው ተዉ ለማለት እጃቸውን ወደ አሽከሮቻቸው አወዛወዙ፤ ሰይፎቹ ሳይመዘዙ ቀሩ። ተነሡ። ደም በቅልጥማቸው ወርዶ እግራቸው ጣት ላይ ደርሷል። ግጥሙን እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙ። ካባቸውን ተቀብለው በሕዝቡ መሃል እስከ ሜዳው ዳር ሄዱ፤ ጉሙ ዋጣቸው።

ማግስት፣ ወደ ቤት

ሰይድ እስከ አፋፉ ሸኝቶን፣ ደምሴን ትከሻውን ያዝ አድርጎ «አላህ ከአንተ ጋር ይሁን» ብሎት ወደ ቆላው ወረደ። እኛም ሜዳውን ያዝን።

አባ ወልዴ መንደር ሳንደርስ ከኋላችን ፈረስ ሲጋልብ ሰማን። ቆምን። የፊታውራሪው አሽከር ነበር፣ ትናንት እጁ ሰይፉ ላይ ከነበሩት አንዱ። ከፈረሱ ሳይወርድ ወደ ደምሴ ተመለከተ።

«ጌታዬ እንዲህ ብለዋል፦ ችሎቱ በቀኑ ነው፤ ምስክሮችህን ይዘህ ቅረብ፣ እንዳትቀር።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።» ፈረሱን አዞረና ሄደ።

ከዚያ በኋላ የተከራከርነው «እንዳትቀር» ስለምትለው ቃል ነው። አንዱ ዛቻ ናት ይላል፣ አንዱ መልካም ናት ይላል። እኔ ዛቻ ናት አልኩ።

አስካለ በሬሳ ወንዝ ዳር ትጠብቀን ነበር። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ውሃውን ተሻግረን አጠገቧ እስክንቆም አልተንቀሳቀሰችም።

«መታሃቸው?» አለችው።

«መታኋቸው።»

ወደ እኔ ዞረች። «አንቱስ ምላስዎን ያዙልኝ?»

«አልያዝኩም» አልኳትና ግጥሙን አልኩላት፤ መደበቅ ከንቱ ነው፣ በሳምንቱ ገበያ ላይ ትሰማዋለች። ከአሽከሩ የመጣውንም ቃል ነገርናት። እንደምትጮህብኝ፣ እንደምታለቅስ ገምቼ ነበር።

እሷ ግን «ሲነሡ አነከሱ?» አለች።

«አላነከሱም» አላት ደምሴ። «ደሙ እየወረደ እስከ ሜዳው ዳር ቀጥ ብለው ሄዱ።»

«እንግዲያውስ ዱላውን እዚያው ሜዳው ላይ ትተውታል፤ ርስታችን አለ» አለች፤ ዱላውን ከእጁ ተቀብላ ወደ ቤት ቀደመችን።