በአዝራር ጣሳ ውስጥ የከረሙ ኪኒኖች

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። የሰፈሩ ሰው በስሟ አይጠራትም፤ «ብረቷ» ነው የሚላት። ባሏ በሞተ በሳምንቱ ሱቋን ከፍታ የሰው ሱሪ ስታሳጥር ያዩ ሰዎች ናቸው ስሙን ያወጡላት።

ሱቋ ጠባብ ናት። የስፌት መኪናውን፣ አንድ መስታወትና ሁለት ሰው ትይዛለች፤ ሦስተኛ ከመጣ በር ላይ ቆሞ ያወራል። እሷ ዘንድ የሚጣል ነገር የለም። ቁራጭ ጨርቅ በጆንያ፣ ትርፍ ክር በካርቶን፣ ከአሮጌ ሸሚዝ የተነቀለ አዝራር በወተት ዱቄት ጣሳ ይቀመጣል። «ለክፉ ቀን ነው» ትላለች። አዝራር ወድቆበት የመጣ ሰው አምሳያውን ከዚያ ጣሳ ሳያገኝ ሲመለስ አላየሁም።

ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ ቀጥሎም ኬሞ ታዘዘላት። ሐኪሙ ሕክምናውን እስከ መጨረሻው መውሰድ እንዳለባት አጥብቆ ነገራት። እህቴ ይህን ስትሰማ በልቧ አንድ ነገር ቋጠረች፤ ምንም ቢሰማት ላታማርር። ካማረርኩ «አልቻለችውም» ብለው መድኃኒቱን ያቋርጡብኛል ብላ ፈርታ ነበር። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

የማመላልሳት እኔ ነበርኩ። የኬሞው ክፍል ረጅም ነው፤ ወንበሮቹ በመስኮቱ በኩል ተደርድረዋል፣ መድኃኒቱ ከተሰቀለው ከረጢት ጠብ ጠብ ይላል። ሁሉም «ሲስተር» የሚላት ወጣት ነርስ እየዞረች ትጠይቃለች። ያቅለሸልሽሻል? አፍሽስ እንዴት ነው? ምግብ ይወርድልሻል? እህቴ ለሁሉም መልሷ አንድ ነው፦ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። እንዴት ነሽ ለሚል ሰው ሌላ ምን ይባላል? እኛ እግራችን ተሰብሮም «ደህና» የምንል ሰዎች ነን።

ቤት ስንገባ ግን ባልዲው ይቀርባል። የሠራሁላት ሾርባ እንደቀረበ ይመለሳል። ቀሚሷ ሰፋባት፤ በጎንና በጎን አጠበበችው። ብዙም ሳይቆይ ደግማ አጠበበችው።

አንድ ቀን ሚዛን ላይ ስትወጣ ሐኪሙ ቁጥሩን ከቀደመው ጋር አስተያየው። ከዚያም ክብደቷ በዚህ ከቀጠለ ኬሞውን ለማቆም እንደሚገደድ ነገራት። የፈራችው ደረሰ። 

በማግስቱ ሱቋ ሄድኩ። ከእጅጌዬ አንድ አዝራር ወድቆ ነበር። ጣሳውን አንተው ፈልግበት አለችኝ፤ ገረመኝ፣ ጣሳዋን ሰው ሲነካባት አትወድም። ጨርቅ ላይ ዘረገፍኩት። ከአዝራሮቹ ጋር የኪኒን እሽጎች ተንሸራተው ወጡ።

«እታለም፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የማቅለሽለሹ ኪኒን ነዋ።»

«ለምን አልዋጥሽውም?»

«ለክፉ ቀን አስቀምጬው ነው።»

«ከዚህ የባሰ ምን ክፉ ቀን ይመጣል?»

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ መርፌው ከጣቷ ወደቀ። አነሳችው፣ ደግሞ ወደቀ። አንገቷን ደፋች፤ እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ወደ ሆስፒታል ስንመለስ ጣሳውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ሲስተር ኪኒኖቹን አይታ ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን ወንበር ስባ ከእህቴ አጠገብ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ አንድ ደንበኛ ልብሱን ሳይለካ ‹ልክ ነው› ብሎ ልሂድ ቢልሽ ትለቂዋለሽ?»

«ሳይለካማ ንቅንቅ አይልም! ነገ ብብቱን ሲይዘው የሚሰደበው ማን ሆነና?»

«እኔም እንደዚያው ነኝ። የቱ ጋ እንደሚይዝሽ ካልነገርሽኝ መድኃኒቱን በልክሽ ላደርገው አልችልም።»

 እህቴ አንድ በአንድ መናገር ጀመረች። አፏ ውስጥ ቆስሏል። ያስመልሳታል። ብረቷ ብለው ቢጠሯት የምትበላው ሁሉ ብረት ብረት ይላት ጀመር፤ ይህን ስትል አጠገቧ ያለችው ታማሚ ሳቀች። የመጨረሻውን ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«ጣቶቼ ደንዝዘዋል። መርፌ መያዜን በዓይኔ አይቼ ነው የማውቀው።»

ሲስተር ኪኒኑ ማቅለሽለሹ ሳይመጣ ቀድሞ የሚዋጥ መሆኑን አስረዳቻት፤ ከመጣ በኋላ ማባረሩ ይከብዳል። አፏን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ፣ በጨውና በቤኪንግ ሶዳ እንድትጉመጠመጥ፣ ጥርሷን በለስላሳ ብሩሽ እንድታጸዳ፣ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ እንድትበላ ነገረቻት። ሐኪሙም መጣ። የማቅለሽለሹን መድኃኒት ለወጠላት፤ ነርቯን የጎዳውን መድኃኒት መጠን ቀነሰው። ድንዛዜው ሙሉ በሙሉ ላይለቃት እንደሚችል አልደበቃትም። ኬሞውን ግን አላቆመም።

እህቴ እስከ መጨረሻው ወሰደችው። መጀመሪያ ሾርባው ሆዷ ውስጥ ዋለ፣ ከዚያ ድንቹም፣ ከዚያ የጠበበውን ቀሚስ ራሷ ፈታችው። ጣቶቿ እንደ ድሮው አልሆኑም። ወፍራም መርፌ ገዛች፤ አዝራር በወረንጦ ታነሳለች። ስፌቷ ቀስ አለ እንጂ አልጠመመም።

የመጨረሻው ቀን ልንወጣ ስንነሳ፣ አዲስ የመጣች ሴት ፊቷ አመድ መስሎ ለሲስተር «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ስትል ሰማናት። እህቴ ቦርሳዋን ለእኔ ሰጠችኝና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እኔም እንዲሁ ነበር የምለው፣ እህቴ» አለቻት። «ኪኒንሽን የት ነው የደበቅሽው?»

በሩ ላይ ሆኜ ጠበቅኋት። እኔ ከማላውቀው ሰው ጋር ወሬ መጀመር የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን በአጠገቤ ላለፈው የጥበቃ ሠራተኛ፣ ሳይጠይቀኝ፣ ወደ ውስጥ እያመለከትኩ «ያቺ ታላቅ እህቴ ናት» አልኩት።