ሙነወር ለአስረኛ ክፍል ሴቶች የተናገረው

ሙነወር እንድሪስ ከደሴ ወጥቶ ገርጂ ላይ ሱቅ ሲከፍት ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ሥራው የተቃጠለ ሞተር ማደስ ነው። የወፍጮ ሞተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ አንዳንዴም የእንጨት ሥራ ቤት መጋዝ ይመጣለታል። የተቃጠለውን የመዳብ ሽቦ ፈልቅቆ ያወጣል። ስንት ዙር እንደነበር ይቆጥራል። በዚያው ልክ አዲስ ሽቦ ጠምጥሞ በብረቱ ጥርሶች መሀል ይሰካል። ከዙሩ ጥቂት ከጎደለ ሞተሩ ይግላል፤ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። ስለዚህ በዚህ ሙያ ሰው የሚታወቀው በጉልበቱ ሳይሆን በቆጠራው ነው።

በጎሮና በገርጂ ወፍጮ ቤቶች አንድ ደንብ ነበር። የታደሰው ሞተር ተመልሶ ሲገጠም ማብሪያውን የሚጫነው ራሱ የጠመጠመው ሰው ነው። ቢቃጠል አብሮ እንዲያፍር ነው ይላሉ። ወፍጮው ከዞረ ደግሞ የመጀመሪያው ዱቄት የእሱ ነው፤ በትንሽ ከረጢት ሞልተው በሁለት እጃቸው ይሰጡታል። ሙነወር ብዙ ማብሪያ ተጭኗል፤ ብዙ ዱቄትም ለሚስቱ ለሳና አስረክቧል።

በ1985 ክረምት ግን ሁለት ሞተሮች በአንድ ወር ተቃጥለው ተመለሱበት። የደከመው ዓይኑ ነው። መነጽር ገዛ። መነጽሩ ጋዜጣ አስነበበው እንጂ እንደ ፀጉር የቀጠነውን፣ ተቃጥሎ የጠቆረውን ሽቦ ዙር ለይቶ ሊያሳየው አልቻለም። ያኔ ልጁ ሐሊማ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ምሳ ይዛ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

“ቁጠሪልኝ እስቲ” አላት።

ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ቁጥሩ ከእሱ በዘጠኝ ይበልጥ ነበር። ልጅቷ ትክክል ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ለአራት ዓመት ከዚያ ሱቅ የወጣ ሞተር ሁሉ የሐሊማ ነው። እሱ ይፈታል፣ ይጠርጋል፣ ይገጥማል፣ ከደንበኛ ጋር ያወራል። እሷ ከትምህርት ቤት መልስና ቅዳሜ ከማዳበሪያ ከረጢት ከተሰፋው መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ ትቆጥራለች፣ ትጠመጥማለች። አንድ ጊዜ የሰባተኛ ክፍል ደብተሯን ገልብጣ የእያንዳንዱን ሞተር ዓይነት፣ ዙርና የሽቦ ውፍረት መጻፍ ጀመረች። እሱ ይህን በጭንቅላቱ ነበር የሚይዘው። ደብተሩ ከጭንቅላቱ ሲበልጥ አየ።

“ይኼ የቤታችን ገበና ነው” ብሏታል። “ሰው ከሰማ ሥራው ይቀርብናል።”

እሺ አለች። ለልብ ጓደኞቿ ለየሺአረግና ለሀይሚ እንኳ አልተናገረችም። ጎሮ ሄዳ አንድም ወፍጮ ሲዞር አላየችም።

በ1989 ግንቦት መጨረሻ ሐሊማ አስረኛ ክፍል ነበረች። የፊዚክስ መምህሯ ትግስት ወደ ሱቁ መጣች። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ ሴት ናት።

“ጋሽ ሙነወር፣ ልጆቹ ለአስራ አንደኛ ክፍል ሳይንስ ወይም ሶሻል ብለው ቅጽ የሚሞሉበት ጊዜ ነው። ሴቶቹ ሳይንስ ሲባሉ ይሸሻሉ። አምና ስንት እንደገቡ ያውቃሉ? ዘጠኝ። መሐንዲስ ፈልጌ ነበር፣ ሁሉም ሥራ ላይ ነን አሉኝ። እርስዎ መጥተው ስለ ኤሌክትሪክ ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል። የእርስዎን እጅ የማያመሰግን የለም።”

ሙነወር ደስ አለው። ስድስተኛን ያልጨረሰ ሰው ለተማሪ ሊናገር ነው። ረቡዕ እመጣለሁ አለ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሐሊማ ሽቦውን በጥርሶቹ መሀል እያስገባች፣ ቀና ሳትል ጠራችው።

“አባዬ፣ ነገ አንድ ነገር ትልልኛለህ?”

“ምን?”

“ይኼን ማን እንደሚሠራው።”

ሙነወር ቁልፍ የሚፈልግ መሰለ።

“ስሜን ባትጠራው ግድ የለኝም” አለች። “ሴት ልጅ ናት የምትሠራው በል፣ በቃ። የሺአረግና ሀይሚ ሳይንስ እንግባ አንግባ እያሉ ናቸው። እኔ ብነግራቸው ጉራ ይመስላቸዋል። አንተ ካልካቸው ግን ያምናሉ።”

“ኢንሻአላህ።”

“ያንተን ኢንሻአላህ እኮ አውቀዋለሁ” ብላ ሳቀች።

ረቡዕ አዳራሹ ውስጥ ስልሳ የሚሆኑ ሴት ልጆች ተቀምጠዋል። መስኮቱ ላይ ወንዶቹ ተንጠልጥለዋል። ሙነወር ኮቱን ለብሷል። አንድ ትንሽ የፓምፕ ሞተር ይዞ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ፈታላቸው። በደንብ ተናገረ። ሽቦው ለምን እንደሚጠመጠም፣ ብረቱ ለምን እንደሚዞር፣ ዙር ቢጎድል ምን እንደሚመጣ አስረዳ። ልጆቹ ሳቁለት። ትግስት ጥግ ቆማ ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች።

ከዚያ አንዲት አጭር ልጅ እጇን አወጣች። ሀይሚ ነበረች።

“ጋሼ፣ ይኼን ሥራ ሴት ልጅ ልትሠራው ትችላለች?”

ሐሊማ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችው። በሩ አጠገብ ደግሞ የጎሮው ኃይለኪሮስ ቆሟል። ሁለት ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ነው፤ በወላጅ ኮሚቴነቱ መጥቶ ነው። ሙነወር ያን ሰው ሲያይ ከእጁ የተቀበለው ዱቄት ሁሉ ትዝ አለው። አሁን እውነቱን ቢናገር ኃይለኪሮስ አራት ዓመት ሙሉ ማብሪያ የተጫነው የጠመጠመው ሰው እንዳልሆነ ያውቃል። ደህና አባወራ የተባለው ሰው በልጁ እጅ እንደሚተዳደር ያውቃል።

“እውነቱን ልንገርሽ ልጄ” አለ። “ይኼ የወንድ ክንድ የሚፈልግ ሥራ ነው። ሴት ብታግዝ፣ ዕቃ ብታቀብል ነው። እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት ሞተር የምትጠመጥም ሴት አላየሁም።”

መስኮቱ ላይ የነበሩት ወንዶች አጨበጨቡ። “ሰማችሁ? ወደ ድስታችሁ!” አለ አንዱ። ሀይሚ ተቀመጠች። ሐሊማ ዓይኗን ከአባቷ ላይ አንስታ ደብተሯ ላይ ጣለች። እስኪጨርስ ድረስ ቀና አላለችም።

ግቢው ውስጥ ኃይለኪሮስ ጠበቀው። ሽፋሽፍቱ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት አይጠፋም።

“ሐሊማ ታማ ነበር እንዴ?” አለው።

“ኧረ ደህና ናት። ምነው?”

“የሞተች አስመስለህ ስታወራ ጊዜ ነው።”

ሙነወር ወደ ግቢው በር መራመድ ጀመረ።

“አንተ ሰውዬ” አለ ኃይለኪሮስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ጎሮ ውስጥ የማያውቅ አለ እንዴ? መጋረጃህ እኮ ከታች እግሯን አይሸፍንም። ሞተር ሲቃጠልብን መጀመሪያ የምንጠያየቀው ልጅቷ ፈተና ላይ ናት ወይስ አይደለችም ብለን ነው። ጥር ላይ የኔ ሲቃጠል ሳምንት ሙሉ ወፍጮ ዘግቼ ነው ያመጣሁልህ። ለምን ይመስልሃል? ሴሚስተር ፈተና ላይ ነበረች።”

“ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?”

“አባት አይደለህ? እስክትናገር ጠበቅን። ዛሬ ትናገራለህ ብዬ ነበር የመጣሁት።”

ሙነወር ማብሪያ ተጭኖ ዞር ሲል፣ ዱቄቱን በሁለት እጃቸው ሲሰጡት፣ “እጅህ ይባረክ” ሲሉት፣ ለካ ሁሉም ያውቁ ኖሯል። የደበቀው ከሰው አልነበረም። ሰው ነበር ለእሱ ሲደብቅለት የኖረው።

ሐሊማ ያን ቀን ከሰዓት እንደ ወትሮዋ ሱቅ መጣች። ዩኒፎርሟን ቀይራ ተቀመጠች። እሱ ዕቃ እያነሳ ሲያስቀምጥ ቆየ።

“ሐሊማ፣ ዛሬ እኮ ሰዉ በዝቶ...”

“አባዬ፣ ቆጠራ ላይ ነኝ” አለች።

ቆጠራ ላይ ያለን ሰው አያናግሩትም። ይህን ያስተማራት ራሱ ነው። ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እሷ ቆጥራ ስትጨርስ ሌላውን ጀመረች።

ዓርብ ትግስት በሱቁ በኩል ስታልፍ ሰላም አለችው። ሰላምታዋ ቀዝቅዟል።

“ልጆቹ ቅጹን ሞሉ?” አላት።

“ሞሉ። የሺአረግና ሀይሚ ሳይንስ ብለው የጻፉትን ሰርዘው ሶሻል አሉ። ለምን ስላቸው ባለሙያው ራሱ ነገረን አሉኝ። ሀይሚ ከክፍሉ በሒሳብ አንደኛ ናት።”

ሙነወር እጁን ጨርቅ ላይ ጠረገ። ንጹሕ ነበር፤ ግን ጠረገው። ከዚያ መጋረጃውን ገልጦ ወንበሩን፣ ደብተሩንና ግማሽ የተጠመጠመውን ሞተር አሳያት። ሳይቀንስ ሳይጨምር ነገራት። ትግስት ደብተሩን ገለጠች። የተማሪዋን የእጅ ጽሑፍ ለየችው። ብዙ ገጽ ገልጣ ዘጋችው።

“ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ ጋሽ ሙነወር?” አለች። “ቅጹን የማስረክበው ሰኞ እኩለ ቀን ነው። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ አምስት ደቂቃ እሰጥዎታለሁ።”

ሰኞ ኮት አልለበሰም። ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ልጆቹ ተነሱ፤ ተቀመጡ አላቸው።

“ረቡዕ የተናገርኩት ውሸት ነው” አለ። “እኔ ዓይኔ ከደከመ አራት ዓመት ሆኖኛል። በዚህ አካባቢ የሚዞሩትን ወፍጮዎች የጠመጠመችው ልጄ ሐሊማ ናት። እዚሁ ተቀምጣለች።”

ማንም አላጨበጨበም። ወንዶቹ ወደ ሐሊማ ዞሩ። ሐሊማ ጠረጴዛዋን ታያለች፤ ጆሮዋ ቀልቷል። የሺአረግ ከጎኗ ተቀምጣ፣ “አንቺ! አራት ዓመት ሙሉ?” ብላ በክርኗ ጎሸመቻት። ሀይሚ ግን እንደ ፊተኛው ቀን እጇን አወጣች።

“ታዲያ ለምን ዋሹን?”

“አፍሬ ነው።”

“በእሷ?”

“በራሴ” አለ ሙነወር።

ትግስት ቅጹን የሚለውጥ ወላጁን አስፈርሞ እስከ ስድስት ሰዓት እንዲያመጣ ነገረቻቸው። የሺአረግ ሮጣ ሄዳ እናቷን አስፈርማ መጣች። የሀይሚ አባት ኦላና የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ያን ቀን ተረኛ ስላልነበረ ቤት ነበር። ሙነወር ከልጅቱ ጋር አብሮ ሄደ። ኦላና በክብር ተቀብሎ ወንበር አቀረበለት። ነገሩን ሁሉ ሰማ።

“እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም” አለ ኦላና። “ረቡዕ ልጄ መጥታ፣ ባለሙያው ለሴት አይሆንም አለ ስትለኝ፣ ሰውዬው ያውቃል ብዬ ተቀበልኩ። ለወንድሞቼም ነገርኩ። ዛሬ መጥተህ ይሆናል ትላለህ። የቱን ልመን? የረቡዑን ነው የሰኞውን?”

“የሰኞውን። ወላሂ የሰኞውን።”

“ረቡዕም እኮ የማልክ ያህል ነው የተናገርከው።”

ሀይሚ በሩ ላይ ቆማ ቅጹን ይዛለች። ሙነወር ለመነ። ሱቄ መጥተህ በዓይንህ እይ አለው። ኦላና አልተቆጣም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ በሚል ሰው ቃል ሴት ልጁን መንገድ እንደማያስለውጣት ብቻ ተናገረ። አልፈረመም። ስድስት ሰዓት አለፈ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ሙነወር ይህን ተረት ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሲተርት ከሰማ ተነስቶ ይወጣ ነበር።

መንገድ ላይ ሐሊማ ጠበቀችው። አብረው ሄዱ።

“ፈረመ?”

“አልፈረመም።”

ይቅር በይኝ ሊላት አፉን ሁለቴ ከፍቶ ዘጋ። ይቅር እንደምትለው ያውቃል። የሚከብደው ይቅር ካለችው በኋላ ያለው ነበር።

“ቅዳሜ የኃይለኪሮስ ሞተር ይገጠማል” አላት በመጨረሻ። “ማብሪያውን አንቺ ነሽ የምትጫኚው።”

“እሺ” አለች። ደስ ያላት አትመስልም፤ የተቆጣችም አትመስልም። እንደ ሥራ ነበር የተቀበለችው።

ሐሊማ አስራ ሁለተኛን ጨርሳ በ1992 አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ገባች። ሰው “እንኳን ደስ አለህ፣ አስተምረህ ለዚህ አበቃሃት” ሲለው ሙነወር አስተማሪዋ የዓይኑ መድከም እንደነበር ይናገራል። ሰዉ ቀልድ ይመስለዋል።

በዚያው ዓመት መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ትንሽ ቤት ገባ። ማሽኑ ጋ የቆመችው ሀይሚ ነበረች። ወዲያው አወቀችው። ከወገቧ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችው።

“ሐሊማ እንዴት ናት ጋሼ?”

“አልሐምዱሊላህ። አምስት ኪሎ ገብታለች።”

“ሰምቻለሁ። ጎበዝ ናት።” መታወቂያውን ማሽኑ ላይ አስተካክላ አኖረች። አየት አደረገችውና ፈገግ አለች። “እኔ እንኳ ሒሳብ ላይ ያን ያህል አልነበርኩም፤ ሶሻል ነው የሚሻለኝ የነበረው።”

ያዘነለት ሰው ድምፅ ነበር። ጎሮ ወፍጮ ቤት ውስጥ ያን ሁሉ ጊዜ “እጅህ ይባረክ” ሲሉት የሰማው ዓይነት ድምፅ።

“አይደለም” አለ ሙነወር። “አንደኛ ነበርሽ።”

ሀይሚ የማሽኑን ቁልፍ ተጫነች። ማሽኑ ወረቀቱን አወጣ። ከኋላው ሌላ ደንበኛ ገብቶ ተራውን መጠበቅ ጀመረ።