ያልተቆለፈው መዝገብ

አብዱልናስር ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። አባቱ አቶ እስማኤል በድርቁ ዘመን ከጎንደር ተሰደው መጥተው ለስደተኞች ሲያስተረጉሙ የኖሩ ሰው ናቸው። «ያልሰማኸውን ሰምቻለሁ አትበል» ማለት ይወዱ ነበር። ልጅ መቼም የአባቱን ምክር በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰዋል።

በፈረንጆች 2016 የማሽላ አጨዳ ሲደርስ፣ የካላዛር በሽታ የምታክም የአንዲት ክሊኒክ ኮምፒውተር ተቃጠለ። በምትኩ ሊኑክስ የሚባለው ስርዓተ ክወና ቀለል ያለው ዓይነት የተጫነባቸው ሁለት ትንንሽ ኮምፒውተሮች መጡ። አሮጌው የበሽተኞች መዝገብ ፕሮግራም ግን ሥራውን ሁሉ የሚጠይቀውን፣ የለመደውን የሲ ላይብረሪ ሲያጣ አልነሳም አለ። ሠሪው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

አብዱልናስር በአሮጌው ፕሮግራምና በአዲሱ ሊኑክስ መካከል የሚያስተረጉም ንብርብር ሠርቶ፣ ፓኬጅ በሚባል የመጫኛ ጥቅል አሸገው። አንድ ነገር ብቻ ቀረው። ፕሮግራሙ «እኔ ስጽፍ ሌላ እንዳይጽፍ መዝገቡን ቆልፍልኝ» ብሎ ይጠይቃል። ይህን በትክክል ለመሥራት ሦስት ቀን ያስፈልጋል፤ የክሊኒኳ ነርስ አሰፋች ደግሞ በሽተኞቿን አሰልፋ ትጠብቃለች። እሱም ምንም ሳይቆልፍ «ቆልፌያለሁ» የሚል ባዶ መልስ አስገባና «ቡክራ፣ ነገ አስተካክለዋለሁ» አለ።

አሰፋች ብቻዋን በጻፈችበት ሳምንት ምንም አልሆነም። እሱም ረሳው።

በሽተኛ ሲበዛ ማሬ የምትባል ሌላ ነርስ ከዚያው መዝገብ ጋር በተያያዘው በሁለተኛው ኮምፒውተር ተቀመጠች። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲጽፉ የአንዷ ጽሑፍ በሌላዋ ጽሑፍ ላይ ተጻፈና የቻላቸው ስም ጠፋ። ቻላቸው ከመተማ መጥቶ ባሱንዳ እርሻ ላይ የሚያጭድ፣ ከአሥራ ሰባት መርፌ ስድስቱን የወሰደ ሰው ነው። የክሊኒኳ ሾፌር ጀማሉ በሽተኛ የሚያመጣው ከመዝገቡ በሚታተም ዝርዝር ነው፤ አራት ቀን ሳያመጣው ቀረ። ካላዛር ደግሞ መድኃኒቱ ከተቋረጠ ይገድላል።

በአምስተኛው ቀን አሰፋች «ያ የመተማው ሰው የት ገባ?» ብላ ጀማሉን ላከችው። የማሳው ጓደኞቹ «መኪናዋ ስትቀርበት፣ ‹ኻላስ፣ አበቃ፣ ድኛለሁ ማለት ነው› ብሎ በእግሩ ወዳገሩ ሄደ» አሉት።

አሰፋች መዝገቡን ስትከፍት ስሙ ስለሌለ አብዱልናስርን ጠራችው፤ ያ ባዶ መልስ ያኔ ትዝ አለው። ቻላቸው ስልክ የለውም። አብዱልናስር ድንበር ላይ ለሚያውቃቸው የጭነት ሾፌሮች ሁሉ ደወለ፤ ያየው የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን ያፈሰሰውን ከየት ይልቀመው? አፈረ። ከማፈር በቀር አንድ የቀረው ነገር ፓኬጁን ማስተካከል ነበርና ልክ በሦስት ቀን ጨረሰው።

«አሁን ስሙን ባስገባው ይቀመጣል?» አለችው አሰፋች።

«ይቀመጣል፣ እትዬ።»

«ሌላ አይጻፍበትም?»

«አይጻፍበትም።»

አስገባችው። በማግስቱ ዝርዝሩ ሲታተም ቻላቸው፣ ሰባተኛ መርፌ፣ ይል ነበር። ጀማሉ ባሱንዳ ድረስ ነድቶ፣ ማሳው ዳር ቆሞ ስሙን ተጣራና ባዶ ወንበር ይዞ ተመለሰ። በሚቀጥለው ቀንም ስሙ ዝርዝሩ ላይ ነበረ።